ጥላ የተከለከለበት ክፍል

ለተከበሩ እትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በእቅፍዎ ያደግሁት፣ ዛሬ ግን በሽበት ብዛት ከእርስዎ ጋር የምፎካከረው ታናሽዎ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ የምነሣ ያህል ሆኜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርብልዎታለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት «ይህ ሽታ ለፈረስ እንጂ ለሰው አልተሠራም» ብለው መስኮት ላይ እንዳስቀመጡትና ፀሐይ እየጠጣው እንደሆነ ምራትዎ ለባለቤቴ ነግራታለችና፣ እባክዎ ለእኔ ሲሉ ይታገሡት። ዓይንዎስ? ጎረቤትዎስ? ያን በአጥር ጉዳይ የተጣላዎትን ሰው፣ እንደ ልማድዎ፣ በየማለዳው ከሚገባው በላይ ሰላም እያሉ መድረሻ እያሳጡት ነው ወይስ ታረቃችሁ? ዶሮዎችዎንም ሳልጠይቅ ባልፍ እንደሚቀየሙኝ ስለማውቅ፣ እነርሱንም እንደ ቤተሰብ ቆጥሬ ደህንነታቸውን ጠይቄአለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለፈው መልእክትዎ፣ «መሥሪያ ቤትህ ለሠራተኞቹ የአእምሮ ጤና በመጨነቁ ተሸለመ ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ብቻዬን እልል አልሁ፤ ‘አንተ ልጅ፣ የሰው ስድብ ስትለቅም ጸጉርህ አለቀ፤ ተው ይህን ሥራ’ እያልሁ ስጨቀጭቅህ ለኖርሁት ይቅር በለኝ» ብለውኛል። እትዬ፣ እልልታዎን መልሰው ይዋጡት ማለት ከታናሽ የማይጠበቅ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ይሁን እንጂ በእኔ ምክንያት ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ዝም ብዬ ማየት ደግሞ ከድፍረትም የከፋ በደል ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እንድነግርዎት ይፍቀዱልኝ።

እርስዎ እንደሚያውቁት፣ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ የኖርሁበት ክፍል፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ሂሳብ ሲዛባ፣ አልፎ አልፎም ባልና ሚስት ተጣልተው የሚጮኹበት ሰው ሲያጡ የሚደወልበት የአቤቱታ ስልክ ክፍል ነው። ውሃውን የዘጋነው እኛ አይደለንም፤ የምንከፍተውም እኛ አይደለንም፤ ሥራችን በዘጋውና በተዘጋበት መካከል ጆሮ ሆኖ መቀመጥ ነው። ደዋዩ ሳይዘጋ መዝጋት አይፈቀድልንም፤ የመጨረሻው ቃላችንም፣ ሰውዬው ቢመርቀንም ቢረግመንም፣ «ሌላ የምናገለግልዎት ነገር ይኖራል?» የሚል እንዲሆን ታዝዟል። ይህንንም ትእዛዝ መፈጸማችንን የሚያዳምጥ መቅጃ አለ።

በዚህ ክፍል ውስጥ ማንም አለቃ ያልደነገገው፣ ከእኛ በፊት ከነበሩት ሴቶች የወረስነው አንድ ልማድ ነበረን። ከመካከላችን አንዱ የሚሰማው ነገር ከአቅሙ ሲያልፍ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መዳፉን አናቱ ላይ ያሳርፋል፤ ይህን ያየ ባልደረባ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ ቀስ አድርጎ ያነሣና «ከዚህ በኋላ የምሰማዎት እኔ ነኝ» ብሎ ይቀጥላል፤ የተተካውም ሰው ወደ ደረጃው መስኮት ሄዶ፣ የማዶውን ጣሪያና የተሰጣውን ልብስ እያየ፣ ልቡ ወደ ቦታዋ ስትመለስ እርሱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚመረምረው የለም። ይህን ልማድ «ጥላ» እንለው ነበር፤ በጠራራ ለሚሄድ ሰው እንደሚያዝለት ዓይነት ጥላ። እንቀልድበትም ነበር፤ አንድ ረጅም ባልደረባችን «እኔ በዚህ ቁመቴ ዛፍ ነኝ፤ ጥላ ለመስጠት መነሣት አያስፈልገኝም» ይል ነበር።

ታዲያ ይኸው ዛፍ አንድ ቀን ማዳመጫውን እንዳጠለቀ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሲወሰድ፣ በሽታው ከልቡም ከሆዱም ሳይሆን ከሥራ ጫናና ከድካም የመጣ የመንፈስ መታወክ ነው ተባለ። አለቆቻችን ደነገጡ። ስለደነገጡ አልወቅሳቸውም፤ መደንገጥ የሰውነት ምልክት ነው፤ እኔን ያንገበገበኝ ከደነገጡ በኋላ ያደረጉት ነው።

የሠራተኞች የአእምሮ ጤናና ደህንነት አማካሪ የተባለ ወጣት ቀጠሩ፤ ጫማው የማይሰማ፣ ድምፁ እንደ ባዘቶ የሳሳ፣ አጠገቡ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ «አይዞን፣ አይዞን» የሚል። ክፍላችን ስም ለማውጣት እንደማይቦዝን ያውቃሉና፣ ሳምንት ሳይሞላው «አይዞን» ሆኖ ቀረ፤ «አይዞን መጣ፣ ተስተካከሉ!» መባባል ተጀመረ። እርሱም በበኩሉ በር ላይ የደስታ ሰሌዳ ሰቀለልን። በየስማችን ትይዩ፣ በየማለዳው ስንገባ ከሦስት ክብ ካርቶኖች አንዱን መርጠን እንሰቅላለን፤ ቢጫው ይስቃል፣ ነጩ ዝም ይላል፣ አመድማው አፉን ይጥላል። አመድማ የሰቀለ ሰው ወደ አይዞን ቢሮ ይጠራል፤ እስኪመለስም ድረስ የእርሱ ደዋዮች ለጎረቤቶቹ ይከፋፈላሉ። ለባልደረባው የሚያዝን ሰው ሁሉ ቢጫ ይሰቅላል፤ ለባልደረባው የማያዝንም ቢሮ መጠራቱን ስለማይወድ ቢጫ ይሰቅላል። ሰሌዳው በአጭር ጊዜ ውስጥ የሱፍ አበባ ማሳ መሰለ፤ አለቆችም እየመጡ ፎቶግራፍ ይነሡበት ጀመር።

ቀጥሎ የማለዳ ትንፋሽ መጣ። ዓይናችንን ጨፍነን፣ እጃችንን ሆዳችን ላይ አድርገን፣ አየር ስናስገባና ስናስወጣ፣ ውሃ ያጣ ከተማ በሙሉ በስልኩ ጫፍ ተሰልፎ ያችን የተሰለቸች ሙዚቃ ያዳምጣል፤ እኛ ተረጋግተን ዓይናችንን ስንገልጥ የምንቀበለው በንዴት የተንተከተከ ሰው ነው። የእፎይታ ክፍል የሚባልም ተከፈተልን፤ ማለቴ ተዘጋልን፤ ቁልፉ ያለው በንብረት ክፍሉ ሹም ኪስ ውስጥ ነውና። እርሱም የመሥሪያ ቤቱን ወረቀትና ሙጫ እንደሚጠብቅ ሁሉ እፎይታውን ይጠብቃል፤ «ለምን ያህል ጊዜ ነው የምትፈልገው? ማን ፈቀደልህ? የወጣ ነገር ሁሉ መመለስ አለበት!» ይላል። ረጅሙ ባልደረባችን ድኖ ከተመለሰ በኋላ አንዴ ሞክሮ፣ «እፎይ የምልበት ትንፋሽ ቁልፉን እየለመንሁ ሳለሁ አለቀብኝ» ብሎ ተመለሰ።

ይህንን ሁሉ፣ እትዬ፣ በሣቅ እናልፈው ነበር። የማይታለፈው ጥላ የተከለከለ ዕለት መጣ። አይዞን በሙሉ ስብሰባ ተነሥቶ፣ ይህ ልማድ ጥገኝነትን ያስተምራል፣ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ጽናት መገንባት አለበት አለ፤ ሥራ አስኪያጁም መቅጃው አንድን ጥሪ የሚያውቀው በአንድ ሰው ስም ስለሆነ ልማዱ ሪፖርት ያበላሻል ብሎ ክልከላውን አጸናው። እኔ እጄን አውጥቼ፣ «ወንድሜ፣ ሸክም የተጋገዙ ሰዎች ደካሞች ናቸው ብለው ያስተማሩዎት የት ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ጋሼ፣ ስሜትዎን እረዳለሁ፤ አይዞን» አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ተቀመጥሁ።

በክፍላችን ውስጥ «ፍልቅልቋ» የምንላት ሴት አለች፤ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ደዋዩ ሲሳደብ እንኳ በአፏ ይቅርታ እየጠየቀች በዓይኗ የምታስቀን። በዚያ ሰሞን አንዲት አሮጊት በየማለዳው ትደውል ነበር፤ ባሏ አልጋ ላይ ወድቆባት፣ ውሃውም ተቋርጦባት። ፍልቅልቋ የጥገና ክፍሉን ስትነዘንዝ ከረመች፤ «እማማ፣ ዛሬ ይመጣሉ» ትላለች፤ አይመጡም፤ ሴትዮዋም «ግድ የለም ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ትላታለች። አንድ ቀን፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ አሮጊቷ ደወለች። አልጮኸችም፤ አልረገመችም። «ልጄ፣ ውሃው መጣልሽ፤ ተባረኪ። እርሱ ግን ትናንት አረፈ። እንዲያው ለመታጠቢያው ደረሰለት» አለቻት።

ከፊት ለፊቷ ነበርሁና አየሁ። እጇ ተነሣ፤ ጆሮዋ ድረስ መጣ፤ ክልክል መሆኑን አስታወሰና ተመልሶ ወረደ። እኔም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከወንበሬ ተነሥቼ ሳልጨርስ፣ መቅጃው የሚጠብቀውን ቃል፣ በዚያው ለዘብ ባለው ድምፅዋ፣ «ሌላ የምናገለግልዎት ነገር ይኖራል?» ስትል ሰማኋት። ባሏን ገና ላልቀበረች ሴት! ማዶ ያለችው ምን ብላ እንደመለሰች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

በማግሥቱ ፍልቅልቋ አመድማውን ሰቀለች። በዚያ የሱፍ አበባ ማሳ መካከል አንዲት የአመድ ቁንጥር። አይዞን ጠርቶ፣ «ነገ የትኛው ፊት እንዲኖርሽ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ «የራሴ» አለችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አመድማ ሆነች፤ በሥራዋ መካከል ድንገት ትቆማለች፤ የጥሪው መብራት ሲበራ ማዳመጫዋን አውልቃ መልሳ ታጠልቃለች።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። «ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ ለስልክ መስመር አትሆንም። ለራሷ ስንል ብናሰናብታት ይሻላል፤ ታርፋለች» አለኝ፤ የሠራተኛ አስተዳደር ኮሚቴው ውሳኔ እንዲጸና የእኔ የፈረቃ ኃላፊዋ «ብቁ አይደለችም» የሚል ቃል ያስፈልግ ነበርና። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ! እኔም፣ «ዕረፍት ማለት ደመወዝ አጥቶ ከሁለት ልጆች ጋር መፋጠጥ ከሆነ እርስዎ ለምን ቀድመው አያርፉም?» ብዬ፣ ዕድሜዬን ተገን አድርጌ ከተናገርሁ በኋላ፣ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ለመንሁት፦ ጥቂት ሳምንት ፈቃድ ይስጧት፤ ስትመለስ በጽሑፍ የሚመጣውን አቤቱታ ትመልስ፣ ለጊዜው ከስልክ ትራቅ፤ ከእውነተኛ ሐኪም ጋር ያገናኟት፤ ጥላውንም ይመልሱልን። «ለአንዷ እንዲህ ካደረግን ሁሉም አመድማ ይሰቅላል» አለኝ። «ጌታዬ፣ ሁሉም እኮ አመድማ ነው፤ ቢጫው ካርቶን ነው» አልሁት። አልገባውም፤ ወይም ገብቶት አልተመቸውም። ቃሌን ግን አልሰጠሁትም።

ቃል መከልከል ብቻውን ሰው አያድንምና፣ ወንበሬን ከወንበሯ አጠገብ አዛወርሁ። ሲብስባት መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ትገለብጠዋለች፤ እኔም ክልከላውን በእግሬ እየረገጥሁ ማዳመጫዋን እቀበላታለሁ፤ መቅጃውም የእኔን ጎርናና ድምፅ በእርሷ ስም ሲመዘግብ ይውላል። «ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት ይከፋብዎታል» ትለኛለች፤ «አርፈሽ መስኮትሽን እዪ» እላታለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን አይዞንንም ጨርሼ ልኮንነው አልችልም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጦ አገኘሁት። ኮንትራቱ የሚታደሰው ሰሌዳው ቢጫ ሆኖ ከቀጠለ ብቻ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ካጣም እንደሰነበተ ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ እኔንስ ማን ነው አይዞህ የሚለኝ?» አለ። አጠገቡ ተቀመጥሁና ሁለታችንም የማዶውን ጣሪያ አየን።

ከዚያ ሸላሚዎቹ መጡ። ክፍሉ ተጠረገ፤ የእፎይታው ክፍል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍት ሆኖ ዋለ፤ አመድማዎቹ ካርቶኖች በሙሉ ከሰሌዳው ሥር ተለቅመው ተወሰዱ፤ ፍልቅልቋም እንደ እኛ ቢጫ ሆነች፤ ሌላ ምርጫ አልተተወላትምና። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶቹ፣ «እቺን ይመልከቱ፤ ከፍቷት የነበረች ናት፤ በፕሮግራማችን ዳነች» እያለ አሳያቸው። የሸላሚዎቹ ሰብሳቢ፣ ብዙ የማትናገር ሴትዮ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ከሁሉ የረዳሽ ምንድን ነው?» አለቻት። ፍልቅልቋ ውሸት የሚባል ነገር አይሆንላትም። «ጋሼ ሲቀበሉኝ» አለቻት፤ ጥላው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደጀመረው፣ መዳፍ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ሁሉንም አብራርታ ነገረቻት። መከልከሉን ብቻ አልነገረቻትም፤ ለእኔ ብላ ይመስለኛል። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ብዙ መሥሪያ ቤት ዞራ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየች ተናገረች። ሥራ አስኪያጁን እጁን ጨብጣ አመሰገነችው፤ እርሱም፣ ፊቱ ከነጭ ወደ አመድማ እየተለወጠ፣ ምስጋናውን ተቀበለ።

እንግዲህ እትዬ፣ በሬዲዮ «ሠራተኞች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት አርአያነት ያለው ሥርዓት» ተብሎ የተነበበልዎትና እልል ያስባለዎት፣ ያ በስብሰባ የተከለከለው ነገር ነው። መሥሪያ ቤታችን የተሸለመው በከለከለው ነገር ነው! ዛሬ ጥላ በመመሪያ ታቅፎ ተፈቅዷል ይሉኛል፤ ጥላ የፈለገ ሠራተኛ ከአንድ ቀን በፊት እንዲያመለክት ተደንግጓል። ነገ ስንት ሰዓት ላይ ልቤ እንደሚሰበር ዛሬ አውቄ ላመልክት ማለት ነው! ረጅሙ ባልደረባችን «ለሐሙስ አንድ መሰበር አስይዙልኝ» ብሎ አመልክቷል አሉ።

ፍልቅልቋን ግን ሊያሰናብቷት አልቻሉም፤ ከዋንጫው ጎን የተነሣችው ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጥቷልና። ፈቃዷን ሰጧት፤ ሐኪምም አገናኟት፤ ስትመለስ በጽሑፍ የሚመጣውን አቤቱታ ትመልሳለች። የለመንሁት ሁሉ ሆኗል፤ ደስ ይበልዎት።

በሌላ በኩል፣ ሕግ ተጥሷልና የጣሰው ሰው ደግሞ ሊኖር ግድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ፣ «ጋሼ፣ ሽልማቱን ያመጡልን እርስዎ ነዎት፤ እናመሰግናለን። መመሪያውን የጣሱትም እርስዎ ነዎት። ሁለቱም በመዝገብ ላይ መስፈር አለባቸው» አለኝ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን ተቀበለኝና እጄን ጨበጠኝ፤ ጥሩ አድርጎ ጨበጠኝ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ይህን የምጽፍልዎት ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ በሳሎናችን መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይ በዚህ መስኮት ገብታ እስከ መጻሕፍት መደርደሪያው እንደምትዘልቅ፣ ይህን ያህል ዘመን በዚህ ቤት ስኖር አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ስትጠርግ እግሬን እንዳነሣ ታዘኛለች፤ ከወጥ ቤት አስወጥታኛለች፤ ከበረንዳ አስወጥታኛለች፤ «የተከበሩት የቤት ዕቃ፣ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉልኝ» ትለኛለች። እኔም ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ትናንት ድንች ስልጥ፣ ከምን እንደመጣ ሳላውቅ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሽንኩርት ነው እንዳልል ሽንኩርት አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የቤትዎ ግድግዳ ኖራ ከተቀባ ብዙ ዘመን ሆኖታልና፣ የሚመጣው ሳምንት መጥቼ ልቀባልዎት አስቤአለሁ፤ ጥቂት ጊዜም እሰነብት ይሆናል። ባለቤቴ ሻንጣዬን እያዘጋጀች «ኖራ በሕይወትህ ቀብተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ለእትዬ ስል እማራለሁ አልኋት። ሸሚዜን አጠፈችና፣ «እሺ፤ ለእርሳቸው ስትል ነው እንበል» አለችኝ።

እትዬ፣ አንድ ልመና አለኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰው እየሰማ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» ብለው አይቀበሉኝ። ቤት እስክንገባ፣ በሩም እስኪዘጋ ይታገሡኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይጠይቁኝ። ደህና ነኝ ብልዎት ግን አይመኑኝ።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ የዓይንዎን ብርሃን ያቆይልዎ፤ ለእኔም ከእናት ተርፎ የደረሰኝን ምርቃትዎን ዕድሜ ሰጥቶ ደግሞ ያሰማኝ።

እስክንገናኝ እጅዎን የሚስመው
ታናሽ ወንድምዎ